አንድ ቶን ዝቅ

ወንድሜ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን እንደዘጋ ወፍራሟን ክር አወረድኳት። ቤዝ ጊታር አራት ክር ነው ያለው፤ ከላይ በኩል፣ ለአውራ ጣቴ የምትቀርበው ከሁሉም የወፈረችውና ከሁሉም ዝቅ ያለ ድምፅ የምትሰጠው ናት። መወጠሪያዋን ይዤ ቀስ አድርጌ ሳላላት አቃሰተች። ከ"ኢ" ኖታ ተነስታ፣ መሃል ላይ ምንም ያልሆነ ድምፅ አልፋ፣ "ዲ" ላይ ስትደርስ ያዝኳት። የመቃኛው ማሽን አረንጓዴ አበራ። አንድ ቶን፣ አንድ ሙሉ የድምፅ እርከን፣ ዝቅ አለች ማለት ነው።

"ጨረስኩ፤ ያንተስ?" አልኩት ኪቦርድ ተጫዋቹን። እኛ "አስተዳደር" ነው የምንለው፤ የልምምድ ሰዓት የሚያወጣው፣ ያረፈደውን የሚቆጣው፣ ያልተጠየቀውን የሚመልሰው እሱ ነው። ለእሱ ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መሣሪያውን በሙሉ አንድ ቶን አወረደው። መስኮቷ ላይ የምትታየውን ቁጥር ወንድሜ እንዳያያት በሶፍት ሸፈናት።

"እኔ ይኼ ነገር ልክ አይመስለኝም" አለ።

"ማን ጠየቀህ?"

"እኔስ ምን ላውርድ?" አለ ከበሮ መቺው። እሱን ደግሞ ዶፍ ነው የምንለው፤ አንዴ መውረድ ከጀመረ የሚያቆመው የለም።

"አንተ አፍህን ዝጋ፣ ይበቃል" አልኩት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወንድሜ ዘፋኝ ነው። የባንዱ መሪም፣ የእኔም ታላቅ ነው፤ "ጋሼ" ነው የምለው። ጉሮሮው ላይ እጢ ወጣበትና ኦፕራሲዮን ሆነ። ዶክተሯ እጢውን ቆርጣ አወጣችው፤ ግን አላለቀም አለች። ቁስሉ ሲጠግግ የጨረር ሕክምና መጀመር አለበት፣ ካልጀመረ እጢው ይመለሳል፤ ከተመለሰ ደግሞ እሷ ምንም ማድረግ አትችልም። ይኼን ሁሉ እሱን ፊት ለፊት አስቀምጣ ነው የነገረችን። ጨረሩ ድምፁን ሊጎዳው እንደሚችልም አልደበቀችም። የእኔ ወንድም ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንዝዣለሁ። ሰው እግሩን አጣጥፎ ብዙ ሲቀመጥ እግሩ የራሱ አይመስለውም አይደል? እኔ ሁለመናዬ እንደዛ ነው። አላለቀስኩም። እበላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኛለሁ። ዘመድ እየደወለ "አይዞሽ" ሲለኝ "እሺ" እላለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ቴሌቪዥን አያለሁ፤ ምን እንዳየሁ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንዷ አክስታችን "ይቺ ልጅ ከምን ድንጋይ ነው የተፈለፈለችው?" አለች አሉ። ትበል። እኔም ራሴን እየጠየቅኩ ነበር።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምድ የመጣ ዕለት ነው ነገሩ የጀመረው። የምንለማመድባት ክፍል ከጎሚስታው ጀርባ ናት፤ ጎማና ማጣበቂያ ይሸታል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ መብራቱ ይደበዝዛል። ገባና ማንንም ሰላም ሳይል "ፎቋን ጀምሩ" አለ። ፎቋ የምንላት እሱ ራሱ የደረሳት ዘፈን ናት። እያንዳንዱ አንጓ ካለፈው ከፍ ይላል፣ በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ይወጣና አንድ ረጅም ድምፅ ይለቃል። ሰው የሚያውቀው በዚያች ድምፅ ነው። መንገድ ላይ ሲያዩት "ጣሪያው!" ብለው ነው የሚጠሩት። ያን ቀን ጣሪያው ቀርቶ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ደገምን። ያው እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ።  ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። አወጣጡን እዚህ አላወራውም፣ ሆድ ይፍጀው።

ዶፍ አለቀሰ። አስተዳደር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ። እኔ ገመዶቹን ጠቅልዬ ሳጥናቸው ውስጥ ከተትኩና "በሚቀጥለው እናወርድለታለን፣ እንዳትነግሩት" አልኩ። እንደዚያ ስል ምንም አልተሰማኝም። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ "ነገ እናስጠግነው" እንደሚባለው ነው ያልኩት።

"ዘፋኝ ሆኖ እንዴት አይሰማውም?" ትሉ ይሆናል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ይሰማው ነበር። ወንድሜ ግን ድምፁን የሚወስደው ከእኔ ነው፤ ልጆች ሆነን ሳሎን ውስጥ ስንጫወት ጀምሮ። እኔ ወፍራሟን ክር በጣት ሳልይዛት ባዶዋን እመታታለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ "እምምም" እያለ ይገጥማታል፣ ከዚያ ወዲያ ማንንም አይፈልግም። ኪቦርድ አያምንም። "ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ይዋሻል" ይላል። የእኔም ጊታር ሶኬት እንዳለው ሊያስረዳው የሞከረ ሁሉ ተሰድቦ ተመልሷል። "ሽቦ" ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ ስለከሳሁም፣ ስለምቧጭርም ነው ይላል። አሁን ደግሞ ጉሮሮው ተነካክቶ ድሮ የሚያውቀው ቦታ ሁሉ ጠፍቶበታል። እኔ የሰጠሁትን ከመያዝ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

እና ክሯን መጀመሪያ ያወረድኩ ዕለት ከመታጠቢያ ቤት እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ።

"ሽቦ፣ ስጪኝ" አለ።

መታሁለት። ዓይኑን ጨፈነ፣ "እምምም" አለ፣ ገጠመ። አስተዳደር አንገቱን ቀብሮ ኪቦርዱን ያያል። ዶፍ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ያ ሰው ሌባ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚያዘው። ጀመርን። ለእኔ ቀላል አልነበረም። አንዲት ክር ብቻ ስትወርድ የእሷ ቦታ አይቀየርም፣ የሦስቱ ግን ሁለት ክፍተት ወደኋላ ይመጣል። ጣቴ በልማዱ ድሮ ወደሚያውቀው ቦታ እየሮጠ ሁለቴ አሳሳተኝ። ክሯም ስለላላች ጠንከር አድርጌ ስነካት ትንጣጣለች። "ሽቦ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሦስተኛውን ፎቅ አለፈ፣ አራተኛውንም አለፈ። ጣሪያው ላይ ወጣና ለቀቃት። ሰፊና ንጹሕ ነበረች፣ ስንጥቅ የላትም። ጎሚስታው ሳይቀር በሩ ላይ መጥቶ አጨበጨበ። ወንድሜ ዶፍን ከነወንበሩ አቀፈው፣ የአስተዳደርን ራስ ሳመ፣ እኔን ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። "ተመለሰ! ሰማሽ? ተመልሷል እኮ!" አለኝ። "ሰማሁ" አልኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ድካም ብቻ ነበር የተሰማኝ።

ከዚያ በኋላም በመጣ ቁጥር እንደዚያው አደረግን። አስቀድሜ እደርሳለሁ፣ ክሯን አወርዳለሁ፣ አስተዳደር ሶፍቱን ያለብሳል። ወንድሜ በየቀኑ እያማረበት ሄደ።

አንድ ከሰዓት ልብስ ስተኩስ የወንድሜ ሚስት ሳትደውል መጣች። ለወትሮው ከበር ጀምራ ነው የምታወራው። ያን ቀን ግን ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

"ምን አድርጋችሁት ነው?" አለች።

"ማንን?"

"ሰኞ ጨረሩ ይጀምራል አይደል? አልሄድም አለ። 'የታመመ ጉሮሮ ፎቋን አይወጣም፣ እኔ ወጥቻታለሁ፣ ድኛለሁ፣ ድምፄን የሚያጠፋ እሳት ውስጥ ራሴን አልከትም' አለኝ። እሑድ ሆቴሉ ግቢ ሰው ፊት እዘፍናታለሁ ብሏል፤ ከዘፈንኳት በቃ፣ ሆስፒታል የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ ብሏል። ዶክተሯ ደውላ ለመነችው፤ ስልኳን ዘጋባት። ባንድ ጊዜ እንዴት እንደዚህ ዳነ? ለእኔ ንገሪኝ፣ በሞቴ።"

ካውያውን አቆምኩትና ነገርኳት። ክሯን፣ ቁልፉን፣ ሶፍቱን፣ ሁሉንም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እጄን አየች።

"አንቺ ልጅ፣ ገደልሽው እኮ" አለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ፤ ወደ ሆዴ አልወረደም። የተኮስኩትን ሸሚዝ አጣጥፌ አስቀመጥኩ፣ ሌላ አነሳሁ። "ስሚኝ እንጂ!" ስትለኝ ነው ጫማዬን ፈልጌ ወደ ወንድሜ ቤት የሄድኩት።

ወንድሜ ኩሽና ውስጥ ከልጁ ጋር ድንች እየላጠ ነበር። እየላጠ ይዘፍናል፣ ልጅቷ በማንኪያ ድስት ትመታለታለች። ልጅቷን "አክስትሽ ከአባትሽ ጋር ታውራ" ብዬ ወደ ሳሎን ሸኘኋትና ሳልቀባባ ነገርኩት። ጋሼ፣ አልዳንክም፣ እኔ ነኝ ክሯን ያወረድኳት፣ አንተ ጣሪያው ላይ አልወጣህም፣ እኛ ነን ጣሪያውን ያወረድንልህ አልኩት።

ድንቹን አስቀመጠ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። በእርጥብ እጁ ጉንጬን ቆነጠጠኝ።

"ሚስቴ ናት የላከችሽ።"

"ጋሼ ሙት፣ ማንም አልላከኝም።"

"ከእሷ ጋር ነው የዶለትሽው። ሽቦ፣ አንቺ ውሸት አትችይበትም። ስትዋሺ እንደዚህ ድርቅ ትያለሽ።"

"እኔ ሁሌም እንደዚህ ነኝ አሁን!"

"እሺ አንቺ ዋሸሽ እንበል፤ ክርሽ ይዋሸኛል? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ድምፄን የወሰድኩት ከሷ ነው።" ቢላዋውን መልሶ አነሳ። "ፈርታችሁልኛል፣ ገብቶኛል። እሑድ ትሰሚያለሽ።"

ከውሸታም ጋር የሚያወራ ሳይሆን ለታመመ ሰው የሚያዝን ነበር የሚመስለው። ጊታሯን ላምጣና ላሳይህ ብለው አልሰማኝም። ምን ላድርገው? ድንቹን አብሬው ላጥኩ።

እሑድ ምሳ ሰዓት የሆቴሉ ግቢ ሞላ። ጃንጥላ ስር ቤተሰብ ቤተሰቡ ተቀምጧል፣ ሕፃናት በጠረጴዛ መሃል ይሯሯጣሉ፣ አስተናጋጆቹ ሰሃን ተሸክመው ሕፃናቱን ይዘላሉ። ሰው ከመምጣቱ በፊት ለብቻችን ላሰማው አስቤ ነበር፤ አልሆነም። ጋሼ አርፍዶ መጣ። ከመጣ በኋላም ወደ መድረኩ መምጣት ትቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ሰላም ይላል፣ ይሳማል። "ጣሪያው ተመለሰ!" ይሉታል፣ እሱም "መቼ ሄጄ!" ይላል። ሚስቱ ልጅቷን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ክሯ ወርዳ ነበር፤ በልማዴ ቤት ውስጥ አውርጃት ነው የመጣሁት። መወጠሪያዋን ያዝኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ አስተዳደር።

"ላወጣት ነው። አንተም ቁልፍህን መልስ።"

"እዚህ? ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ፊት?"

"ልታዋርጂው ነው?" አለ ዶፍ። ዶፍ እንዲህ ኮስተር ሲል አይቼው አላውቅም።

"አዎ" አልኩት። "ነገ ሰኞ ነው።"

 ክሯን ወጠርኳት፤ "ኢ" ላይ ደረሰች፣ ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። አስተዳደር ሶፍቱን አንስቶ ላቡን ጠረገበትና ቁልፉን ተጫነ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ፍርሃት፣ ጸጸት፣ ምንም ይሁን። የተሰማኝ ፀሐዩ አንገቴን ሲያቃጥለኝ ብቻ ነው።

ጋሼ ወጣ፣ ማይኩን አነሳ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ "ሽቦ፣ ስጪኝ" አለ።

መታሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ "እምም..." አለና አቆመ። ግንባሩ ተቋጠረ። "ድገሚያት" አለኝ። ደገምኩለት። ዓይኑን ገለጠና እጄን አየ። ቀጥሎ ፊቴን አየ። አሁን ያቆማል፣ አሁን ሰበብ ፈልጎ ይወርዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን ለሰዉ ፈገግ አለና ለዶፍ በጣቱ ምልክት ሰጠው፤ እልኸኛ ነው፣ ከእናታችን ነው የወረሰው።

የመጀመሪያውን ፎቅ በደንብ ወጣ። ሁለተኛው ላይ የአንገቱ ደም ሥር ተገታተረ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። አላቆመም። ስንጥቁን ይዞ አራተኛውን ወጣ፤ ሕፃናቱ ሩጫቸውን ትተው ቆመው ያዩት ጀመር። ጣሪያው ላይ ደረሰና አፉን ከፈተ። ከስፒከሩ የወጣው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ብቻ። ያንኑ ትንፋሽ የረጅሟን ድምፅ ያህል ያዘው፤ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ እስከ ልኳ ድረስ ያዘው። ሹካ ማንኪያው ሁሉ ጸጥ አለ። አንድ አስተናጋጅ ትሪ ይዞ በቆመበት ቀረ። ከወደኋላ የሆነ ሰው አዝኖለት አጨበጨበ፤ ያቺ ጭብጨባ ከዝምታው የባሰች ነበረች። እኔ አላቆምኩም። ጣቶቼ እየመቱ ነው፣ እኔ ደግሞ እያየኋቸው ነው፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ድምፅ አልተሳሳትኩም።

ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ መጣ። በጥፊ ቢለኝ አይገርመኝም ነበር። አጠገቤ ቆመ፣ ላብ ላብ ይላል።

"ያን ቀን እውነትሽን ነበር?"

"አዎ።"

"ስንት ነው ያወረድሽልኝ?"

"አንድ ቶን።"

ወደ ታች፣ ወደ ጫማው አየ። ሰዉ ማጉረምረም ጀምሯል። አስተዳደር ምን ይጫወት እንደሆነ ጨንቆት ኪቦርዱን ይነካካል።

"አውርጂያታ" አለኝ።

"እ?"

"አውርጂልኝ እንጂ! ሰው እየጠበቀ አይደል?"

ድምፁን ሳልዘጋ፣ ማሽን ሳላይ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ክሯን መታሁና መወጠሪያዋን ማላላት ጀመርኩ። ስፒከሩ ውስጥ እያቃሰተች ወረደች። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ "እምምም" እያለ አብሯት ወረደ። በሕይወቱ ሙሉ ወደ ላይ ሲወጣ ነው የማውቀው፤ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው። አልቸኮለም። ክሯ "ዲ" ላይ ስትቆም እሱም ቆመ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አስተዳደርም ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ይቅርታ፣ ደረጃው አዳለጠኝ" አለ። "አሁን አንድ ፎቅ የቀነሰውን ሕንፃ እንወጣለን። ሽማግሌ ሆነናል፣ ምን ይደረግ!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዘፈናት፣ እስከ ጣሪያዋ ዘፈናት። የድሮዋ አልነበረችም፤ ይቺኛዋ የትልቅ ሰው ድምፅ አላት፣ ከደረት የምትወጣ። ሚስቱ ልጅቷን አቅፋ ታለቅስ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ፊት እያየች በሁለት እጇ ታጨበጭባለች።

ሰው ከሄደ በኋላ፣ አስተናጋጆቹ ጃንጥላዎቹን ሲያጥፉ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጊታሯን ሳጥኗ ውስጥ ሳስገባ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ቀደመኝ።

"ከዚህም በታች ትወርዳለች?" አለኝ፣ ክሯን በጣቱ እየነካ።

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት ይቀል ነበር። "ትንሽ" አልኩት። "ከዚያ ወዲያ በጣም ትላላለች፣ ድምፅ አይሆንም።"

አሰበ። ድምፁ ሻክሯል፣ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም።

"ከዚህች የወፈረ ክር የለም?"

"አለ።"

"እንግዲያው እሱን ግዢና አስገቢልኝ። እነዚያ ሰዎች ጨረሩን ጨርሰው ሲለቁኝ የት ላይ እንደምዘፍን አላውቅም። የትም ድረስ ብወርድ ግን እዚያ ጠብቂኝ፣ እሺ?" ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። "ነገም አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ፤ ሚስቴ ከነዳችማ ሆስፒታሉ ጋ ሳልደርስ ነው የምሞተው።"

እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣ አለኝ። እንባዬ እየፈሰሰ፣ እጄን ይዞ እስኪያስነሳኝ ድረስ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩለት።